የሰው ቤት ማር

በተወለድኩበት መንደር የራስ ቤት ማር የራስን ቁስል አያሽርም። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ለእኔም የነገረኝ ሰው የለም። ቤት ውስጥ ማሰሮ ሙሉ ማር ቢኖርም፣ ቢላ ጣቱን የቆረጠው ሰው ያንን ማር ለዳቦ ትቶ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤቱም በተራው ጣቱ ሲቆረጥ እሱ ዘንድ ይመጣል። ሁለቱ ማሮች አንድ ግራር ላይ ከተሰቀሉ ቀፎዎች የተቆረጡ ቢሆኑ እንኳ ነገሩ ያው ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። እሱ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። ማር ረግቶ በማንኪያ የሚፋቅበት አገር ያደገ ሰው ስለ ማር ምን ያውቃል ብዬ ተውኩት።

መንደራችን ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ሮቢ ወንዝ ዳር ነው። ሽንኩርትና ማሾ ይመረትበታል፤ ሙቀቱ ሰውን ብቻ ሳይሆን ማሩንም ያቀጥነዋል። አባቴ ከማሳችን ጥግ ካሉት ግራሮች ላይ ቀፎ ስለሚሰቅል ማር አጥተን አናውቅም። እንዲያም ሆኖ በልጅነቴ ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ እናቴ ቁስሉን ፈልቶ በበረደ ውሃ እጥብ አድርጋ፣ "በይ ሂጂ" ትለኛለች። ወዴት እንደሆነ አትነግረኝም፣ እኔም አልጠይቅም። እያነከስኩ ቦዩን ተሻግሬ እትዬ ቤት እገባለሁ።

እትዬ ፊት ለፊታችን ያሉ ጎረቤታችን ነበሩ። የራሳቸው ስም አላቸው፤ ግን እኛ ልጆቹ እትዬ ካልን ሌላ እትዬ በዓለም ላይ ያለ አይመስለንም ነበር። እነሱ ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። እንደ አገሩ ደንብ ድግስ ሲኖር የእነሱ ድስት ለብቻ ይጣዳል፣ የእኛም ለብቻ። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውንም እነሱ አይቀምሱም። ማር ግን የሚታረድ ነገር አይደለምና ቦዩን እንዳሻው ይሻገር ነበር።

የእትዬ ማር ወንድማቸው ከማጀቴ ከተማ የሚልክላቸው ነው። ከእኛ ማር ጠቆር፣ ወፈር ይላል። እትዬ መደቡ ላይ ያስቀምጡኝና በታጠበ እንጨት ጫፍ ጥቂት ቆንጥረው፣ "ቢስሚላህ" ብለው ቁስሉ ላይ ያንጠባጥቡታል። መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል። ልጮህ አፌን ስከፍት በሌላ እንጨት ምላሴ ላይ ማር ያስቀምጡልኛል። አፍ በማር ተሞልቶ እንዴት ይለቀሳል? ከዚያ ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ንጹህ ጨርቅ ያስሩልኛል። ጉንዳን ሽታውን ተከትሎ እንዳይመጣ አልጋችን እግሩን ውሃ በተሞሉ ቆርቆሮዎች ውስጥ ነክሮ ያድራል።

የእትዬ ልጆችም ክርናቸው ሲላጥ እኛ ቤት ይመጣሉ። እናቴ በዚያው ዓይነት እጥብ አድርጋ፣ "በስመ አብ" ብላ ትቀባቸዋለች። የእኛ ጉልበት በቢስሚላህ፣ የእነሱ ክርን በበስመ አብ ደርቆ ነው ያደግነው። ይህ ሁሉ ለትንሽ ቁስል ነው ታዲያ። ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም ውሻ ከነከሰ፣ ማንም ማር አይልም፤ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

አንድ ሌላ ደንብ ደግሞ ነበር፤ እሱ ከመጀመሪያው የከረረ ነው። ለቁስል የተሰጠ ማር አይመሰገንበትም፣ አይመለስም፣ ስሙም አይነሳም። ቅባ፣ እሰር፣ ዝም በል። ማር የተቀባለት ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ካለ ቁስሉ ያመረቅዛል ይባላል። ማሩን የሰጠ ሰው አንድ ቀን አፉን ከፍቶ "ቀብቼህ አልነበር?" ካለ ደግሞ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም፤ ብሎ የሚያውቅ ሰው አልነበረማ።

ያለችው እናቴ ናት።

ትምህርት ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩበት በጋ ነበር። ሽንኩርቱ መወፈር ሲጀምር ሮቢ ጎደለና የውሃ አባቱ የየሰዉን ተራ አሳጠረው። የውሃ አባት ማለት ቦዩን የሚያስተዳድር፣ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስን ሰው ነው፤ በበጋ ከሱ በላይ ባለሥልጣን የለም። ያን ቀን ተራው እስከ እኩለ ቀን የእትዬ ነበር። እናቴን ደግሞ የእኛ ሽንኩርት ቅጠሉን መጣሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨንቃት አድሯል። የእትዬን ማሳ በዓይኗ ለካችና ጠግቧል ብላ ፈረደች። አካፋዋን አንስታ ውሃውን ወደ እኛ መለሰችው።

እትዬ ደረሱ። ቦዩ ዳር ሰው ሞልቷል።

"አንቺ፣ ውሃ መስረቅ ጀመርሽ?" አሏት።

እናቴን ሌባ ብሏት የሚያውቅ የለም። እናቴ ስትናደድ እሳት ናት፤ እኔም የወረስኩት ከሷ ነው፣ ስለዚህ ልፈርድባት አልችልም። አካፋዋን መሬት ላይ ተክላ፣ "በልጆችሽ ቁስል ላይ ያፈሰስኩት ማር ይህችን ውሃ አያህልም?" አለቻቸው።

ቦዩ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ ሥራውን አቆመ። ስድብ ቢሆን ኖሮ እትዬ ምላሽ አያጡም፣ አፍ አላቸው። ይህን ጊዜ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተመልሰው ሄዱ። እኩለ ቀን ሲሆን፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ክዳኗ ቀይ የሆነች ባልዲ ይዘው መጡ። ሙሉ ማር ናት። ደጃችን ላይ አስቀመጧት፣ "ማርሽ ይኸው" አሉና ዞር ሳይሉ ቦዩን ተሻገሩ።

እናቴ ባልዲዋን አንስታ ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ ሰቀለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እንግዳ ከላይ ሆና ታየን ነበር። ማንም አልነካትም፣ አባቴ እንኳ። አባቴ ደግሞ ቤት ውስጥ ጸብ ሲኖር ቀፎ ሊያይ የሚሄድ ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ንቦቹ እንዳሰለቻቸው እርግጠኛ ነኝ።

እናቴ የቆላ ሰው አይደለችም። ከጣርማ በር ማዶ፣ ከብርዱ አገር፣ ለአባቴ ተድራ የወረደች ናት። እዚህ እህት የላት፣ አክስት የላት። መጀመሪያ በመጣችበት ሰሞን ሙቀቱ ሊገድላት ነበር አሉ፤ እትዬ ናቸው በየትኛው ሰዓት ማሳ መውረድ እንዳለባት፣ የማሽላ ሊጥ በዚህ ሙቀት ስንት እንደሚቆይ፣ እኔን ስትወልድ ማንን መጥራት እንዳለባት ያሳዩዋት። እሳቸውን ስታጣ ያጣችው ጎረቤት ብቻ አልነበረም፤ የነበራት አንድ ሰው እሳቸው ነበሩ። ጠዋት ስትነሳ በልማድ ወደ ማዶ ቀና ትልና፣ እንደገና አንገቷን ትደፋለች። እየቀጠነች መጣች። ይቅርታ እንድትጠይቅ ብለምናት፣ "ምን ብዬ? ማሩን አነሳሁብሽ ልበላት? ደግሜ ላነሳው?" አለችኝ። ይቅርታውም ቢሆን ማሩን ሳያነሱ የሚባል አልነበረም።

በዚህ መሀል ነው እጇን የቆረጠችው።

ለላሟ ሣር ስታጭድ ማጭዱ አዳልጦ ግራ መዳፏን ጫረው። ጥልቅ አልነበረም፤ ረዘም ብሎ ግን ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አጥባ አሰረችላት፣ ለመርፌም ጤና ጣቢያ ላከቻት፤ ሄዳ ተወጋች። ከዚያ በኋላ የሚፈለግባት እጇን ማሳረፍ ብቻ ነበር፤ ማሳረፍ ደግሞ የእናቴ ነገር አይደለም። በታሰረ እጇ ሽንኩርት ትኮተኩታለች፣ ጨርቁ ይርሳል፣ ቁስሉ ሊዘጋ ይልና እንደገና ይከፈታል።

"ማር ላምጣልሽ?" አልኳት።

"የማንን ማር?"

"የኛን።"

"ምነው፣ ጤና የለሽም?"

ወደ መደርደሪያው በአገጬ አሳየኋት። "ያ የእትዬ ማር አይደል? የሰው ቤት ማር ማለት እሱ ነው።"

"እሱ ማር አይደለም" አለች። "እሱ ጸብ ነው። ጸብ ቁስል ላይ አይቀባም።"

እልህ ያዘኝ። ሲኒ አንስቼ ከኛ ከፍ ብለው ወደሚኖሩ አንዲት አሮጊት ቤት ወጣሁ። ፈገግ ብለው በር ከፈቱልኝ፤ ሲኒውን ሲያዩ ፈገግታው ጠፋ።

"ለእናትሽ ነው?"

"አዎ፣ ለእጇ ነው።"

"ልጄ፣ ማሩስ አለኝ። ግን የእናትሽን እጅ ማን እንደሚቀባው አገር ያውቃል። ዛሬ እኔ ብሰጥሽ ነገ ማዶ ያሉት ምን ይሉኛል? እኔ በሰው መሀል አልገባም።" ከዚያ ባዶ እጄን መመለሴ ከነከናቸው መሰለኝ፣ ከጓሮ ፓፓያ ቆርጠው ሰጡኝ። ቁስል በፓፓያ ላሽር ይመስል ታቅፌው ወረድኩ። እናቴ ፓፓያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ የት እንደሄድኩ ገባት። ሳትቆጣኝ ቀረች፤ ይሄ ከቁጣው ይልቅ አስደነገጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ማር አላነሳሁም። ያን ጊዜ ገብቶኛል፤ ማሩ ለእጇ ቢሆን ኖሮ ከየትም ይገኝ ነበር። የጎደላት መዳፏን ይዞ የሚያንጠባጥብላት ሰው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ምስር እንለቅማለን። አጥራችን የእሾህ ነው፣ መግቢያው ጠባብ ነው። እትዬ በዚያ ገቡ። ሰላም አላሉም። ቀጥ ብለው መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡና የቀኝ ክንዳቸውን ወደ እናቴ ዘረጉ።

"ማር አለሽ?" አሉ።

እናቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። ክንዳቸውን ወደ ብርሃኑ አዙራ ፈለገች። እኔም አጎንብሼ ፈለግኩ።

"የቱ ጋ ነው?" አለች እናቴ።

"እዚህ ነዋ። አይታይሽም?"

ከክርናቸው ዝቅ ብሎ ጭረት አለ። ቁስል ብሎ መጥራት ለቁስል ስድብ ነው። ደሙ እንኳ ገና አልደረቀም፤ ሲገቡ ወይ አጥራችን ጭሯቸዋል፣ ወይ እሳቸው ራሳቸው ክንዳቸውን ለአጥራችን ሰጥተውታል። እስከ ዛሬ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ግን አውቃለሁ። እናቴም አወቀች። ወደ አጥሩ አንድ ጊዜ አየት አደረገችና ተነሳች።

የፈላ ውሃ አበረደች። ያችን ጭረት እንደ ትልቅ ነገር ደጋግማ አጠበቻት። የእኛን ማሰሮ አወጣች። አፉ በጨርቅ ታስሯል፤ በአንድ እጇ ልትፈታው ስትታገል ላግዛት ብድግ አልኩ። እትዬ በዓይናቸው አስቀመጡኝና በዚያኛው እጃቸው የክሩን አንድ ጫፍ ያዙላት። ተፈታ።

"በስመ አብ" አለች እናቴ። ቀባቻቸው፣ አሰረቻቸው።

እትዬ የታሰረላቸውን አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ያቺ እላይ ያለችው ባልዲ የማን ናት?" አሉ።

"ያንቺ ናት።"

"አልነካችኋትም?"

"ማን ሊቀባኝ?" አለች እናቴ።

ባልዲዋን ያወረድኳት እኔ ነኝ። እትዬ ክዳኑን ከፈቱ፣ የእናቴን መዳፍ ስበው ጭናቸው ላይ አኖሩ፣ አሮጌውን ጨርቅ ፈቱ፤ ቁስሉን ሲያዩ ከንፈራቸውን በቁጭት መጠጡ። አጥበው፣ "ቢስሚላህ" ብለው ማሩን አንጠባጠቡ።

"ያቃጥላል" አለች እናቴ። እንባዋ ወርዷል።

"ያቃጥል እንጂ" አሉ እትዬ። ሌላ እንጨት ማር ውስጥ ነክረው፣ በልጅነቴ እኔን እንደሚያደርጉኝ፣ ምላሷ ላይ አስቀመጡላት። ትልቅ ሴት፣ የልጆች እናት፣ መደብ ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ማር ተቀበለች። እኔ ሰፌዱን ይዤ ፊቴን አዞርኩ፤ ማልቀሴ እንዳይታይ ምስሩን እንደገና መልቀም ጀመርኩ።

ይቅርታ የሚል ቃል አልተነሳም። እትዬ የእናቴን እጅ አስረው ሲጨርሱ፣ "ነገ ጠዋት ውሃው ያንቺ ነው" አሉ።

"ነገማ ተራው ያንቺ ነው።"

"የኔ ማሳ ጠግቧል አላልሽም?"

"ተሳስቼ ነው፣ አልጠገበም።"

"እኔ ነኝ የማውቀው ወላሂ፣ ጠግቧል!"

"አልጠገበም እኮ ነው የምልሽ።"

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። አባቴ ከቀፎው ሲመለስ አጥሩ ጋ ቆመና አዳመጠ። "ደግሞ ተጣሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። አይ፣ ታረቁ አልኩት። አላመነኝም፤ ተመልሶ ወደ ግራሮቹ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ደግ ዓመታት ኖሩ። እኔ አግብቼ ደብረ ብርሃን ገባሁ። የእትዬ ልጆች ጀውሃ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ከፈቱና አንድ በአንድ ወደዚያ ወጡ። ባለፈው ዓመት እትዬ ታመው ወደ አኼራ ሄዱ። ለለቅሶው ስወርድ እናቴ አላለቀሰችም ነበር፤ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጣ፣ እንግዳ ስትቀበል፣ ውሃ ስታቀርብ አየኋት። ጠንካራ ናት ብዬ ተመለስኩ። ሰው እናቱን ሁልጊዜ ጠንካራ ናት ሲል ይመቸዋል መሰለኝ።

ሰሞኑን ልጠይቃት እንደገና ወረድኩ። አማቴ ከጓሮ ቀፏቸው የቆረጡትን ነጭ ማር ቋጥረውልኝ ነበር። ከደብረ ብርሃን ስነሳ የረጋ ነው፤ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ አገኘውና ሮቢት ስደርስ ቀልጦ ይንቦጫረቃል። የእትዬ ቤት በሩ ተዘግቷል። ግቢያቸው ሣር በቅሎበታል።

እናቴ ምሳ ስታቀርብልኝ እጇን አየሁት። አንዱ ጣቷ ተሰንጥቋል፣ አውራ ጣቷ ላይ ቢላ የቆረጠው አለ፣ ክንዷን እሾህ ጭሮታል። አንዳቸውም አልታሰሩም። አንዳቸውም ማር አልነካቸውም።

"ምነው ይሄን ዝም አልሽው?"

"ምን አለው፣ ይደርቃል።"

አባቴ የቆረጠው ማር ማሰሮ ሙሉ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አየሁት፣ እሷም ሳየው አየችኝ። መንደሩ ውስጥ ሌላ ጎረቤት ሞልቷል፣ ማርም የማይሰጣት የለም፤ ግን ወደማንም ሄዳ እጇን መዘርጋት አልፈለገችም። በለቅሶው ያላፈሰሰችውን እንባ በዚህ መንገድ እያለቀሰችው እንደሆነ ዘግይቶ ገባኝ፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ቀርፋፋ ነኝ።

ያመጣሁትን ማር ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። ለቁስል ብዬ አልነበረም፤ ለዳቦ ይሁናት ብዬ ነው።

"ይሄ ከየት ነው?" አለች።

"ከቤት ነው።"

"ከየትኛው ቤት?"

"ከቤቴ ነዋ፣ ደብረ ብርሃን።"

ዕቃውን አንስታ አገላበጠችው። ከዚያ በቀስታ፣ ራሷንም የገረማት ይመስል፣ "ለካ አንቺም የሰው ቤት ሆነሻል" አለች። እጇን ዘረጋችልኝ።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። ስዳር ተዘፍኖልኛል፣ ተለቅሶልኛል፣ ሻንጣዬን ይዤ በመኪና ወጥቻለሁ፤ አንድም ቀን ከዚህ ቤት የወጣሁ መስሎኝ አያውቅም ነበር። ውሃ አፍልቼ አበረድኩ። ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠብኩላት፣ ማሩን አንጠባጠብኩ፣ ጨርቅ ቀድጄ አሰርኩላት። ስጨርስ እጇን ከጭኔ ላይ አላነሳችም፤ እኔም አንሺው አላልኳት።